«መቼ ተጨመቀ?»፦ የባህላዊ ሲደር ዳሰሳ

መስከረም ሲገባ የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ገበያ ፖም በፖም ይሆናል። ሱቆች የሲደር ጠርሙሶችን ከኋላ መደርደሪያ አውጥተው በር ላይ ይደረድራሉ። ጠርሙሱ ላይ የእንጨት በርሜል፣ የረገፈ ቅጠል፣ «ባህላዊ» ወይም «በእጅ የተሠራ» የሚል ቃል አይጠፋም። ሲደር የፖም ጭማቂ ፈልቶ የሚገኝ የአልኮል መጠጥ ነው፤ ነገሩ ይኸው ቢሆንም፣ ከተደረደሩት ጠርሙሶች መካከል ባህላዊ ለመባል የሚበቃው የትኛው እንደሆነ ሻጩ ራሱ ብዙ ጊዜ አይመልስም። በርሜሉ ነው ባህላዊ የሚያደርገው? መንደሩ ነው? ወይስ ጠማቂው ጺም ማሳደጉ?

እዚህ ላይ የእንግሊዝን፣ የፈረንሳይን፣ የስፔንን፣ የጀርመንንና የአሜሪካን ልማድ በየተራ እንቃኛለን። የኔ አቋም ግን ከወዲሁ ይታወቅ፤ ባህላዊ ሲደር ከአንድ ዓመት ምርት ጋር የተቆራኘ ሲደር ነው። ፖም በዓመት አንድ ጊዜ ይደርሳል፣ አንድ ጊዜ ይጨመቃል፣ ሲደሩም አንድ ጊዜ ይጣላል። ፋብሪካው ግን ዓመቱን ሙሉ ይጥላል። ስለዚህ «ከየት መጣ?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «መቼ ተጨመቀ?» የሚለው ብዙ ነገር ይገልጣል። ከዚህ የሚከተል አንድ የሚያስገርም ነገርም አለ፤ በመኸር የሚሸጠው ጥሩ ሲደር ያለፈው መኸር ልጅ ነው። የዘንድሮው ገና ዛፍ ላይ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከፖሙ እንነሣ። ለሲደር የተመረጠው ፖም አብዛኛውን ጊዜ ለመብል አይሆንም። ትንሽ፣ ሸካራ፣ አንዳንዴም ጠባሳ የበዛበት ነው። አንዴ የገመጠው ሰው ፊቱን ያጨማድዳል፤ ምላስን እንደ ጨርቅ የሚያደርቅ ጎምዛዛ ነገር አለበትና። ይህ ታኒን ነው። ጠጅን ያለ ጌሾ እንደማናስበው ሁሉ ብዙ የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጠማቂዎችም ሲደርን ያለ ታኒን አያስቡትም። ልዩነቱ ጌሾው ከውጭ የሚጨመር ሲሆን የሲደሩ ጎምዛዛነት ከፍሬው ከራሱ የሚመጣ መሆኑ ነው። በሱፐርማርኬት የምናውቀው ጣፋጭና ጭማቂ የበዛበት ፖም ብቻውን ሲፈላ ስኳሩ ሁሉ ወደ አልኮል ይለወጥና የሚቀረው ቀጭን፣ ኮምጣጣ፣ አፍ ውስጥ የማይቆይ መጠጥ ነው። ሰው ሲደር «ባዶ» ነው ብሎ ሲያማርር ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የጠማቂው ሳይሆን የፖሙ ነው።

ይህን በሥርዓት ያጠናው በእንግሊዝ ብሪስቶል አጠገብ በ1903 የተቋቋመው የሎንግ አሽተን የምርምር ጣቢያ ነው። ጣቢያው የሲደር ፖሞችን በአራት ከፈላቸው፦ ጣፋጭ፣ መራራ ጣፋጭ፣ ኮምጣጣ እና መራራ ኮምጣጣ። መስፈርቱ ሁለት ቁጥር ነው፤ ታኒኑ ከ0.2 በመቶ ከበለጠ መራራ፣ አሲዱ ከ0.45 በመቶ ከበለጠ ኮምጣጣ ይባላል። ጣቢያው በ2003 ቢዘጋም የአካባቢው ጠማቂ ዛሬም የሚናገረው በዚህ ምድብ ነው። ዳቢኔት መራራ ጣፋጭ ነው። ኪንግስተን ብላክ መራራ ኮምጣጣ ነው፤ ስኳሩም አሲዱም ታኒኑም ስለሚመጣጠን ብቻውን ተጨምቆ ሙሉ ሲደር ይሆናል ተብሎ ይወደሳል። እንዲህ ያለ ፖም ብርቅ ነው፤ የቀሩት መቀላቀል አለባቸው። የጠማቂው ጥበብ ከሁሉ በፊት የሚፈተነውም በዚህ ቅልቅል ላይ ነው፤ በርሜሉ ላይ አይደለም።

ፖም ሌላም ጠባይ አለው። ዘሩ ቢተከል እናቱን የሚመስል ዛፍ አይወጣም። የፖም የዱር ዘመዶች ዛሬም በካዛክስታን አልማቲ ከተማ አቅራቢያ በቲያን ሻን ተራሮች ይገኛሉ፤ እዚያ ጫካ ውስጥ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው መጠኑም ቀለሙም ጣዕሙም ይለያያል። አንድ ጥሩ ፖም ተገኝቶ እንዲቆይ ከተፈለገ ቅርንጫፉ ተቆርጦ በሌላ ግንድ ላይ መዳቀል አለበት። ስለዚህ እያንዳንዱ ስም ያለው የሲደር ፖም በአንድ ወቅት አንድ ሰው አይቶ «ይህ ይቀመጥ» ያለው ዛፍ ነው። በሶመርሴት የተገኘው ያርሊንግተን ሚል በአንድ የውኃ ወፍጮ ግድግዳ ውስጥ በቅሎ የተገኘ ችግኝ ነበር ይባላል። ሰው ልብ ባይለው ኖሮ እንደ አረም ተነቅሎ ይጣል ነበር።

ሥራው ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ አንዳንዴም እስከ ታኅሣሥ ይዘልቃል። ቀድመው የሚደርሱ ዓይነቶች በመስከረም ይወድቃሉ፤ ታኒን የበዛባቸውና ለመቆየት የሚመረጡት በጥቅምትና በኅዳር ይለቀማሉ። የሲደር ፖም እንደሚበላው ፖም በእጅ አይቀጠፍም። በረዥም ዘንግ እየተመታ ወይም ዛፉ እየተነቀነቀ ሣር ላይ ይወርዳል፣ ከዚያ ይለቀማል። ወዲያውም አይጨመቅም፤ ተከምሮ ለቀናት ወይም ለሳምንታት እንዲያርፍ ይደረጋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የቀረው ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣል፣ ፍሬው ይለሰልሳል፣ አውራ ጣት ሲጫነው ይጎደጉዳል። ከዚያ ታጥቦ ይፈጫል፤ ድቁሱ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በድሮ ጊዜ ደግሞ በገለባ ተነባብሮ፣ በመጭመቂያው ሥር ይገባል። ከ1 ኩንታል ፖም በግምት ከ60 እስከ 70 ሊትር ጭማቂ ይገኛል። የቀረው ገፈት ለከብት መኖ ይሆናል።

ቀጥሎ ያለው የክረምት ሥራ ነው፤ ሥራ ከተባለ። በባህላዊው መንገድ እርሾ አይገዛም፤ በፖሙ ልጣጭ ላይና በጨመቃው ቤት ዕቃ ላይ ያሉት እርሾዎች ራሳቸው ይጀምሩታል። መጀመሪያ ደካሞቹ ዓይነቶች ይነሣሉ፤ አልኮሉ ከፍ ሲል እነሱ ይሞቱና ጠንካራው የእርሾ ዘር ይረከባል። ቅዝቃዜው ሂደቱን ያዘገየዋል፤ መዘግየቱም መዓዛው እንዳይተን ይረዳል። በፀደይ አየሩ ሲሞቅ ባክቴሪያዎች ይነቁና ስለታሙን የፖም አሲድ ወደ ለስላሳው የወተት አሲድ ይለውጡታል። የድሮ ገበሬ የሳይንሱን ስም ሳያውቅ «ዛፉ ሲያብብ ሲደሩም ይንቀሳቀሳል» ይል የነበረው ይህንን አይቶ ነው። በመጨረሻ የሚገኘው መጠጥ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 በመቶ አልኮል አለው። እንግዲህ በጥቅምት የተጨመቀ ፖም ለመጠጥ የሚደርሰው በሚያዝያ አካባቢ ነው፤ ከዚያም የሚዘገይ አለ።

እንግሊዝ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ በዓለም ላይ ብዙ ሲደር የሚጠጣው እዚያ ነው፣ የባህሉ ክብርም ውርደትም ጎልቶ የሚታየው እዚያው ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን የሄሬፎርድሺር ሲደር ከፈረንሳይ ወይን ጋር ይወዳደር ነበር። ጌታ ስኩዳሞር ያስፋፋው ሬድስትሪክ የተባለው ፖም በመኳንንቱ ማዕድ ስም ነበረው። ጆን ኤቭሊን በ1664 ስለ ሲደር ፖም «ፖሞና» የተባለ ሥራ አሳተመ። በዚያው ዘመን እንግሊዞች በድንጋይ ከሰል እሳት ጠንካራ ጠርሙስ መሥራት ችለው ነበርና ሲደራቸውን በውስጡ አሽገው ጥቂት ስኳር በመጨመር አረፋ እንዲያወጣ ማድረግ ጀመሩ። ሐኪሙ ክሪስቶፈር ሜሬት በ1662 ለንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር ባቀረበው ጽሑፍ ወይን ነጋዴዎች መጠጣቸውን ለማነቃቃት ስኳር እንደሚጨምሩ ገልጿል። አረፋማውን ሻምፓኝ ፈለሰፈ የሚባልለት መነኩሴ ዶም ፔሪኞን ወደ ሻምፓኙ ገዳም የገባው ግን ከዚያ በኋላ፣ በ1668 ነው። የፈረንሳይ ወዳጆቼ ይህን ስነግራቸው ወሬ ይቀይራሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ግን ማዕረግ የለውም። ሲደር የገበሬ ቤት መጠጥ ሆነ፤ ቀን ሠራተኛም ከደመወዙ የተወሰነውን በሲደር ይቀበል ነበር። በአጨዳ ወራት በቀን በርካታ ሊትር የሚታደልበት እርሻ ነበር። ይህን አከፋፈል ሕግ የከለከለው በ1887 ነው። በ1763 መንግሥት በሲደር ላይ ግብር ሲጥል ሕዝቡ የተቆጣው በገንዘቡ ብቻ አልነበረም፤ ቀረጥ ሰብሳቢው የገበሬውን ቤት የመፈተሽ መብት ማግኘቱ ነበር ያንገበገበው። ከሦስት ዓመት በኋላ ሕጉ ተሻረ። በዴቨን አውራጃ ደግሞ ለብዙ ዘመን ሰው ሆዱን እየቆረጠው፣ እጁ እየሰነፈ ይታመም ነበር። ሐኪሙ ጆርጅ ቤከር በ1767 ምክንያቱን አሳየ፦ ለመጭመቂያዎችና ለጋኖች ማያያዣ የሚውለው እርሳስ በሲደሩ አሲድ እየሟሟ መጠጡን ይመርዘው ነበር። አሮጌ ዘዴ ሁሉ ይጠበቅ ለሚሉ ሰዎች ይህን ማስታወስ አይከፋም።

በ1887 ፐርሲ ቡልመር በሄሬፎርድ የከፈተው ድርጅት አድጎ ሲደርን የኢንዱስትሪ ምርት አደረገው፤ ዛሬ በሃይነከን ሥር ነው። ፋብሪካ ለብዙ የገጠር ገበሬ የፖም ገበያ ፈጥሯል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን የብሪታንያ የቀረጥ ሕግ አንድ መጠጥ ሲደር ለመባል 35 በመቶ ጭማቂ እንዲኖረው ብቻ ይጠይቃል። ያም ጭማቂ ተንኖ ከወፈረና ከተከማቸ ኮንሰንትሬት ሊመጣ ይችላል። የቀረው ውኃና ስኳር ነው። ስኳሩ ሲፈላ ከፍተኛ አልኮል ይሰጣል፣ ከዚያ በውኃ ይቀጥናል፣ ይጣፍጣል፣ ጋዝ ይገባበታል። ኮንሰንትሬት በጥርም በሐምሌም ስለሚገኝ መኸርን የሚጠብቅ የለም። ይህ መጠጥ ቀዝቅዞ በበረዶ ሲቀርብ ጥም ይቆርጥ ይሆናል፤ ግን ከዛፉ ጋር ያለው ዝምድና የሩቅ ነው። ከ1.2 በመቶ በላይ አልኮል ያለው መጠጥ የቅመም ዝርዝር እንዲጽፍ ስለማይገደድ ገዢው ይህን ከጠርሙሱ ሊያነብ አይችልም።

በሌላው ጫፍ ሙሉ ጭማቂ የሚጠቀሙ ትናንሽ ጠማቂዎች አሉ። በሄሬፎርድሺር፣ በዉስተርሺርና በግሎስተርሺር ደግሞ ከፒር የሚሠራው የሲደር እኅት ፔሪ ይገኛል። የፔሪ ዛፍ ከተተከለ በኋላ ለማፍራት ብዙ ዓመት ይፈጃል፣ ከደረሰ ግን መቶ ዓመት አልፎ ያፈራል። የአገሩ ሰው ጥሩ ፔሪ የሚገኘው ሜይ ሂል የተባለው ኮረብታ ከሚታይበት ቦታ ብቻ ነው ይላል። የአገር ፍቅር ነው፤ ግን ፔሪውን የቀመሰ አይከራከራቸውም።

ወደ ፈረንሳይ ስንሻገር ሲደር ሌላ መልክ ይይዛል። ኖርማንዲና ብሪታኒ ለወይን የሚቀዘቅዙ አገሮች ናቸው፤ በወይን ፈንታ ፖም ያመርታሉ። የኖርማን ሲደር ጣፋጭ፣ ቀላልና አረፋማ ነው፤ ጣፋጭነቱ ግን ከስኳር ከረጢት አይመጣም። ምስጢሩ በመኸር ቅዝቃዜ ውስጥ ነው። የተጨመቀው ጭማቂ በጋኑ ሲቀመጥ በፍሬው ውስጥ ያለው ፔክቲን ከካልሲየም ጋር ተያይዞ እንደ ረጋ ነገር ይሆንና ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ፈረንሳዮች ቡናማ ባርኔጣ የሚሉት ይህንን ነው። ባርኔጣው ሲወጣ እርሾ የሚመገበውን ናይትሮጅን ብዙውን ይዞ ይወጣል። ከሥሩ ያለው ጥርት ያለ ጭማቂ ወደ ሌላ ዕቃ ይገለበጣል። እርሾው ምግብ ስላጠረው በቀስታ፣ ለወራት ይሠራል፣ ስኳሩንም ሳይጨርስ ይደክማል። በመጨረሻ ጠርሙስ ውስጥ የቀረው የራሱ የፖሙ ጣፋጭነት ነው፤ አልኮሉም ዝቅ ያለ ይሆናል። ጣፋጩ ዓይነት 3 በመቶ ወይም ከዚያ በታች፣ ደረቁ ከ4 እስከ 5 በመቶ አካባቢ ነው።

ይህ ሥራ በሞቃት መኸር አይሳካም። አየሩ ካልቀዘቀዘ ባርኔጣው ሳይወጣ መፍላቱ ይጀምርና ጠማቂው የዓመቱን ጣፋጭ ሲደር ያጣል። በዳሰሳዬ ካየኋቸው ዘዴዎች ሁሉ ከወቅቱ ጋር ይህን ያህል የተጣበቀ የለም፤ ስለዚህም አንደኛ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። ፈረንሳይ በ1996 የፔይ ዶዥንና የኮርኑዋይን ሲደር በምንጭ ስም ሕግ አስጠብቃለች፤ የዶምፍሮን ፔሪ በ2002 ተከተለ። ፔይ ዶዥ ካማምቤር የተባለው አይብ መንደርም ያለበት ነው፤ ሲደሩና አይቡ አንድ ላይ መቅረባቸው አያስገርምም። በብሪታኒ ደግሞ ሲደር በሸክላ ስኒ ተቀድቶ ከጥቁር ስንዴ ቂጣ ጋር ይቀርባል። ከሲደር ተነጥሮ የሚወጣው ካልቫዶስ ራሱን የቻለ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አናነሣውም።

የስፔን ሰሜን ሲደርን ወደ አደባባይ ያወጣል። በአስቱሪያስ አስተናጋጁ ጠርሙሱን ከራሱ በላይ፣ ብርጭቆውን ከወገቡ በታች ይዞ ሳያይ ይቀዳል። ሲደሩ ጋዝ አልተጨመረበትም፤ ከከፍታ ወርዶ የብርጭቆውን ጎን ሲመታ ነው መዓዛው የሚነሣው። የሚቀዳው አንድ ጉንጭ ያህል ስለሆነ ወዲያው ይጠጣል፤ መቆየት ያበላሸዋል። ብርጭቆው ለብዙ ሰው ስለሚያገለግል ጠጪው ጥቂት አስቀርቶ ከንፈሩ ያረፈበትን ጠርዝ ያጥብበታል፣ መሬትም ላይ ያፈሰዋል። ዩኔስኮ የአስቱሪያስን የሲደር ባህል በ2024 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል። ቱሪስት ይህን አቀዳድ ትርኢት ብቻ አድርጎ ያየዋል። ትርኢትነት አለው፤ ነገር ግን ያንኑ ሲደር ከቅርብ ቀድቶ የጠጣ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል፤ ዝግ ያለና ጎምዛዛ ሆኖ ነው የሚያገኘው።

ባስኮቹ ደግሞ የወቅቱን ሕግ ፊት ለፊት ያከብራሉ። በሳን ሴባስቲያን አጠገብ ባለችው አስቲጋራጋ የሲደር ቤቶች ወቅታቸውን የሚከፍቱት በጥር ነው፤ እስከ ሚያዝያ ይቆያሉ። ባለቤቱ «ቾች!» ብሎ ሲጣራ ተመጋቢው ሁሉ ከማዕዱ ይነሣል፣ ከትልቁ በርሜል በቀጭኑ የሚወረወረውን ሲደር በብርጭቆው ይቀልባል። የተለመደው ምግብ ይህ ነው፦ ባካላው የተባለው የኮድ ዓሣ ያለበት የእንቁላል ጥብስ፣ ዓሣው ከቃሪያ ጋር፣ ወፍራም የበሬ ጥብስ፣ በመጨረሻ አይብ ከዋልነትና ከማርማላታ ጋር። ልማዱ የጀመረው ገዢዎች ከየበርሜሉ እየቀመሱ ለዓመቱ የሚሆናቸውን ሲመርጡ ነው። እዚህም ግን ገመና አለ፤ ለብዙ ዓመታት የአገሩ ፖም ስለማይበቃ ከውጭ የመጣ ፖም ይጨመቅ ነበር። በባስክ ምድር ከበቀለ ፖም ብቻ የተሠራ ሲደር «ዩስካል ሳጋርዶአ» በሚል መለያ የሚወጣው በቅርብ ዓመታት ነው።

በመኸር ራሱ የሚጠጣ ነገር ለሚፈልግ ሰው መልሱ ፍራንክፈርት ነው። በዛክሰንሃውዘን ሰፈር መጠጥ ቤቶች ጨመቃው እንደተጀመረ መጀመሪያ ትኩሱ ጣፋጭ ጭማቂ ይቀርባል፤ ጥቂት ቆይቶ እየፈላ ያለው፣ ደፍራሳውና ሆድ የሚያንጫጫው ራውሸር ይመጣል። እርሾው ገና በውስጡ ሲተራመስ የሚጠጣ ነው፤ ጥቂት ሳምንት ብቻ ይቆያል፣ ብዙ የጠጣውንም ወደ ቤቱ ያሯሩጠዋል። ያለቀለት የፖም ወይን ደረቅና ኮምጣጣ ነው። ሰማያዊ ሥዕል ካለበት ግራጫ የሸክላ ማንቆርቆሪያ ወደ ተከረከመ ብርጭቆ ይቀዳል። አንዳንዱ ጠማቂ ሽፓየርሊንግ የተባለ ጎምዛዛ ፍሬ ይጨምርበታል፤ የአካባቢው ፖም ያጣውን ታኒን ለመተካት ነው።

አሜሪካ የገባ አንባቢ መጀመሪያ የሚያጋጥመው ግራ መጋባት ነው። በመኸር በመንገድ ዳር የእርሻ ሱቅ «ሲደር» ተብሎ በጋሎን የሚሸጠው ያልፈላ፣ ያልተጣራ፣ ቡናማ የፖም ጭማቂ ነው። አልኮል ያለበትን «ሃርድ ሲደር» ይሉታል። ይህ ልዩነት በቅኝ ግዛት ዘመን አልነበረም። በዚያን ጊዜ ሲደር የየቀን መጠጥ ነበር፤ ሁለተኛው ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ ጠዋት ጠዋት አንድ ኩባያ ሲደር የመጠጣት ልማድ ነበረው። ጆን ቻፕማን (1774–1845) በኦሃዮና በኢንዲያና የፖም ዘር እየዘራ ችግኝ ያፈላ ነበር፤ የተዳቀለ ሳይሆን ከዘር የበቀለ ፖም ስለነበር አብዛኛው የሚሆነው ለሲደር ነበር። በ1840 ዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር ደጋፊዎቹ የሲደር በርሜልን የሕዝብ ሰውነቱ ምልክት አድርገውታል።

ከ1920 እስከ 1933 የጸናው የአልኮል እገዳ ሲደርን ገደለው ተብሎ በየጽሑፉ ይደጋገማል። እውነቱ ግን ከዚያ ቀድሞ እየሞተ ነበር። የፀረ መጠጥ እንቅስቃሴው ገበሬውን አሳፍሮታል፣ ከጀርመን የመጡ ስደተኞች ርካሽ ቢራ ይዘው መጥተዋል፣ ሕዝቡም ከገጠር ወደ ከተማ ፈልሷል። እገዳው የቀብሩን አፈር ነው የመለሰው። ከቢራ ይልቅ ሲደርን የጎዳው አንድ ነገር አለ፤ እገዳው ሲነሣ የቢራ ገብስ በአንድ ዓመት ይዘራል፣ የሲደር ዛፍ ግን ዓመታት ይፈልጋል። ቶማስ ጀፈርሰን በሞንቲቼሎ ያበቀለውና እጅግ ያደነቀው ታሊያፌሮ የተባለ የሲደር ፖም ዛሬ ጠፍቷል።

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢው ላለው ትልቅ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ይህ ሁሉ ሩቅ ታሪክ አይደለም። ቨርጂኒያ ውስጥ በዊንቸስተር ዙሪያ ያለው የሸናንዶዋ ሸለቆ የፖም አገር ነው፤ በጥቅምት ልጆች ይዞ ፖም ለመልቀም የሚወጣው ሰው ብዙ ነው። ወደ ደቡብ፣ በሻርለትስቪል አቅራቢያ ኖርዝ ጋርደን ላይ በ2009 የተከፈተው አልበማርል ሲደርወርክስ ከጀፈርሰን ዘመን የቀሩትን ሂውዝ ክራብና አልበማርል ፒፒን የመሳሰሉ ፖሞች ይጨምቃል። ለመልቀም የሄደ ሰው መቅመስም ከፈለገ የሚጠይቀው ነገር አለው፤ የአሜሪካ የቀረጥ ሕግ ለሃርድ ሲደር ከግማሽ በላይ የፖም ወይም የፒር ጭማቂ ይፈልጋል፣ ከብሪታንያው የተሻለ ነው፣ ግን መቶ በመቶ አይደለም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ለወላጆች። በእርሻ ሱቅ የሚሸጠው ያልፈላ ጭማቂ በሙቀት ያልታከመ ከሆነ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡርና ለአረጋውያን አይሰጥ። በ1996 በምዕራብ አሜሪካና በካናዳ ባልታከመ የፖም ጭማቂ ምክንያት ኢ-ኮላይ ተሰራጭቶ ሰዎች ታመዋል፣ አንድ ሕፃንም ሞቷል። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ባልታከመ የታሸገ ጭማቂ ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዟል። ፖሙ ከመሬት የሚለቀም፣ ከብትና አጋዘን የሚረግጡት ስለሆነ ሥጋቱ ተረት አይደለም።

አገር ቤትስ? ጨንቻ ላይ፣ ከአርባ ምንጭ በላይ ባለው የጋሞ ደጋ፣ ሚሲዮናውያን ያስገቡት ፖም ዛሬ የገበሬው መተዳደሪያ ሆኗል። እዚያ የሚበቅለው ግን ለመብል የተመረጠ፣ ብዙ ብርድ የማይፈልግ ፖም ነው። ታኒን የሚሰጡት የአውሮፓ ዓይነቶች ረዥም የቅዝቃዜ ወራት ካላገኙ በወጉ አያብቡም። ስለዚህ «የኢትዮጵያ ሲደር» የሚል ሐሳብ ቢነሣ ከጨንቻ ፖም የሚወጣው ቀላልና ኮምጣጣ መጠጥ ይሆናል፤ የኖርማንዲን መልክ ከሱ መጠበቅ አይገባም። የሚሞክር ቢገኝ ደስ ይለኛል፤ ጠጅ ያለው አገር ግን ለመኮረጅ መቸኮል የለበትም።

ወደ ክርክሩ እንመለስ። በዘመናዊዎቹ ትናንሽ ጠማቂዎች ዘንድ ሁለት ወገን አለ። አንደኛው ሲደር ውስጥ የቢራ ሆፕ፣ ዝንጅብል፣ እንጆሪ፣ ቀረፋ ይጨምራል። ሁለተኛው ምንም አይጨመር፣ እርሾ እንኳ አይገዛ ይላል። የመጀመሪያውን ወገን ብዙ ሰው ይነቅፋል፤ እኔ ግን ፖሙ መቶ በመቶ ጭማቂ ከሆነና የዓመቱ ምርት ከሆነ በተጨመረው ቅመም አልጣላም። ጥሌ ቀረፋው ደካማ ጭማቂን ለመሸፈን ሲመጣ ነው። የሁለተኛው ወገን ችግር ደግሞ ሌላ ነው። አየር ገብቶት የኮመጠጠ፣ የከብት በረት የሚሸት ሲደር ቀርቦ ጠያቂው ሲያማርር «ባህላዊ ነው» ይባላል። አይደለም። የጥንት ገበሬ ሲደሩ ሲኮመጥጥ ኮምጣጤ ብሎ ለጓዳው ያስቀምጠው ነበር እንጂ ለእንግዳ አያቀርብም ነበር። የባስኮቹ ሲደር ትንሽ የኮምጣጤ ጠርዝ አለው፤ ያ በልክ ሲሆን ከበሬ ጥብሱ ጋር ይስማማል፣ ልክ ሲያልፍ ግን እነሱም ያፈሱታል።

በርሜልም እንዲሁ ነው። አሮጌ የእንጨት በርሜል አየር በጥቂቱ ስለሚያስገባ ሲደሩን ያለሰልሳል፤ ካልተጠበቀ ግን የሻጋታ ቤት ነው። ዛሬ ብዙ የባስክና የአስቱሪያስ ጠማቂ ብረት ጋን ይጠቀማል፣ ማንም ባህሉን ካደ አላለውም። ስለዚህ በጠርሙሱ ላይ ያለው የበርሜል ሥዕል ለኔ ምንም ማስረጃ አይደለም።

በዚህ መኸር ሲደር ለመቅመስ ያሰበ ሰው ሦስት ነገር ይፈልግ፤ የምርት ዓመት፣ የፖሞቹ ስም፣ መቶ በመቶ ጭማቂ የሚል ቃል። ሦስቱም ጠርሙሱ ላይ ካሉ ዋጋው ትንሽ ቢወደድም ይግዙት። ካልተጻፉ ሻጩን መቼ እንደተጨመቀ ይጠይቁ፤ «ባለፈው ጥቅምት» የሚል ፈጣን መልስ ካገኙ ይቅመሱ፤ «ሁልጊዜ አለን» ካለዎት ሌላ ጠርሙስ ይመልከቱ። ከቻሉ ደግሞ በጥቅምት ወደ አንድ ጨመቃ ቤት ሄደው ፖሙን ይግመጡት፣ የሚገዙትን ጠርሙስ ግን ለሚያዝያ ያስይዙ።